የሃርገን ዋንጫና የሸምሱ ዝምታ

ሚስተር ዋልት ፒርስ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ከጆሮው በላይ ደም ነበር። በቀኝ እጁ ነጭ ጓንት አጥልቋል፤ የግራው ጓንት አልጋው ላይ ቀርቷል። ከጎኑ አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን አፉን ከፍቶ ባዶውን ቆሟል። በሳጥኑ ውስጥ መኖር የነበረበት የሃርገን ዋንጫ የለም።

ሽማግሌው ይተነፍሳል፣ ግን አይናገርም። አምቡላንስ ወሰደው፤ ፖሊስ ፎቁን ዘጋ።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እኛ ሚሌኒየማችንን ያከበርንበት፣ ፈረንጆቹ 2008 የሚሉት ዓመት፣ ሁዳዴ ከገባ ሰንብቷል።

ጉዳዩ የደረሰው ለኢዛና ነው። ኢዛና የኧርቪንግ ፖሊስ መርማሪ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከአገር ቤት መጥቶ ፕሌኖ ያደገ ልጅ። ቁመቱ በር ሲገባ ያስጎነብሰዋል። አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ያስኬዳል፣ ግን ይነክሳል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ኋላ እሱ ቤቴ ሻይ እየጠጣ ካጫወተኝ፣ ጎረቤቴ ሸምሱ ካወራኝና እኔው በዓይኔ ካየሁት አዋጥቼ ነው። ሸምሱ ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል፤ የጨመረውን ቀንሻለሁ።

ኢዛና በመጀመሪያ ያነጋገረው ሽማግሌውን ወድቆ ያገኘውን ሰው ነው። ክሌይ ዶርሴት ይባላል፤ የሊጉ ጸሐፊ፣ ከሚስተር ፒርስ ቀጥሎ የዋንጫው ሁለተኛ ጠባቂ። ሲናገር የሰው ክንድ ይነካል። ጠዋቱን ሙሉ ሎቢ ውስጥ በስልክ ሲነጋገር እንደነበር፣ ሽማግሌውን ለምሳ ሊጠራ ሲወጣ እንዳገኘው፣ ከዚያ በፊት ያንን ፎቅ እንዳልረገጠው ተናገረ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅም ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ሲመላለስ አይቼዋለሁ አለች።

በኮሪደሩ ጫፍ ያለው የኋላ ደረጃ በር በታጠፈ ጋዜጣ ተይዞ ክፍቱን ተገኝቷል። ሌባው በዚያ ወጣ ተባለ።

ኢዛና ይህን ዋንጫ ማን ይፈልገዋል ብሎ ጠየቀ። ክሌይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የዋንጫውን ታሪክ ነገረው።

ይህ የበረዶ ሆኪ የሚሉት ጨዋታ ጫማቸው ሥር ስለት አስረው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንድ ጥቁር ጎማ በዱላ የሚያሳድዱበት ነው። ኳስ የለውም፣ ጠብ ግን አለው። ትልልቆቹ ቡድኖች የራሳቸው ትልቅ ዋንጫ አላቸው። የቀይ ወንዝ ሊግ የሚባለው ደግሞ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ፣ ከደመወዛቸው ስብራታቸው የሚበዛ ተጫዋቾች ማኅበር ነው። ሃርገን የሚባል የነዳጅ ከበርቴ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ዋንጫ ሰጣቸው። ገዝቶ መሰላችሁ? የሚስቱን የግብዣ ጎድጓዳ የብር ሳህን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ነው። ሴትየዋ እስክትሞት ይቅር አላለችውም አሉ፤ እኔም ብሆን አልልም።

ለሳህኑ ከሥሩ እግር አበጁለት። በየዓመቱ ያሸነፉት ሰዎች ስም በብር ቀለበት ላይ ይቀረጽና ቀለበቱ እግሩ ላይ ይጠልቃል። ቀለበት በቀለበት ላይ እየተጨመረ የልጅ ቁመት አከለ። አንድ ዓመት ነዳጅ ማደያ ረስተውት ሄደው፣ ሲመለሱ ባለቤቱ ሽንኩርት አስቀምጦበት አገኙት። የአንዱ ተጫዋች እናት አበባ ተከለችበት። በ1960ዎቹ ደግሞ አውቶቡሱ ዊቺታ ፎልስ መንገድ ላይ ተገለበጠና የሳህኑ ጎን ወደ ውስጥ ተሰረጎደ። ሰው ስላልሞተ፣ ምልክቱ ይኑር ብለው ሳያቃኑት ተዉት።

ሥርዓትም አለው። ያሸነፈ ተጫዋች ዋንጫውን ለአንድ ቀን የፈለገበት ይወስደዋል። ያላሸነፈ አይነካውም፤ የነካው አያሸንፍም ይላሉ። ጠባቂዎቹም ያለ ነጭ ጓንት አይዙትም። ያን ዕለት ጠዋት፣ ያለፈው ዓመት አሸናፊ የነበረ አንድ የቱልሳ ተጫዋች ተራው ደርሶ፣ ዘመዶቹ ከአውሮፕላን እንደወረዱ በሆቴሉ ትንሽ አዳራሽ ሰብስቧቸው፣ ፓስተር አስመጥቶ ልጁን በዋንጫው ውስጥ አስጠምቆ ሄዷል።

ኢዛና ይህን ሰምቶ የተጠራጠረው ግን ከቱልሳው ተጫዋች ሌላ ሰው ነበር።

*

ከቡድኑ ጋር እዚያው ሆቴል ያረፈው የፎርት ወርዝ አምበል ዱሼን በዚያው ጠዋት ሎቢ ውስጥ በሚስተር ፒርስ ላይ ጮኾ ነበር። ያንን ሳጥን ከፊቴ ካላነሳህ በመስኮት እወረውረዋለሁ ማለቱን ብዙ ሰው ሰምቷል። የፍጻሜው ጨዋታ ሳምንት ነበር የቀረው።

ኢዛና ልምምድ ላይ አገኘው። የፊት ጥርስ የለውም፤ ሲስቅ ሕፃን፣ ሲቆጣ ሽፍታ ይመስላል። እንደጮኸ አልካደም። ከፍጻሜ በፊት ዋንጫውን ማየት ራሱ ጠንቅ ነው አለ። በጥምቀቱ ሰዓት በአዳራሹ በር ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያለፈው፤ ይህን ሦስት ሰው መስክሮለታል። ሽማግሌው በተመታበት ሰዓት ደግሞ ቡድኑ በሙሉ በረዶ ላይ ነበር።

«አባቴ ያ የተገለበጠው አውቶቡስ ውስጥ ነበር» አለው ለኢዛና። «ባሸነፉ ጊዜ ባዶ እጁን ሳህኑ ውስጥ ከትቶ ስርጉዱ ከውስጥ ያወጣውን እብጠት ዳሰሰው። ያሸነፈ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። እኔ ጥርሴን ያስረገፍኩት ያንን እብጠት አንድ ቀን ልዳስስ ብዬ ነው። አሁን እሰርቀዋለሁ?»

ኢዛና ይህን አመነውና ወደ ሆቴሉ ተመለሰ። ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያወጣውን የሆቴሉን የኋላ በር ካሜራ ሲያይ አንድ ሰው አገኘ። ሰውየው በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አቅፎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ በኮሮላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጠ።

ሰውየው ሸምሱ ነበር።

*

ሸምሱ ሳክሲ በምትባል ከተማ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። ዲቪ ደርሶት መጥቶ የዚያን ሆቴል ሻትል፣ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን መኪና፣ ይነዳል። ፈሪ ነው ስል ስሙን ማጥፋቴ አይደለም፤ የጎረቤት ውሻ ሲያይ መንገድ የሚሻገር፣ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን ሁለቴ የሚነካ ሰው ነው። ፍርሃቱን ለማወቅ ግን ሊናን ማወቅ ያስፈልጋል። ሊና ሚስቱ ናት፤ ኮምቦልቻ ናት። ከተጋቡ በኋላ አብረው የኖሩት ክረምት ከበጋ ሳይሞላ እሱ መጣ። ፕሮሰሷ ተጎትቶ ተጎትቶ የኤምባሲ ኢንተርቪው ተቀጥሮላታል። ፎቶዋን ሻትሉ ውስጥ ሰቅሎ ለተሳፋሪ ሁሉ ያሳያል፤ ኤርፖርቱን ከሚያውቁት ሊናን የሚያውቁት ይበዛሉ። በእኛ መካከል ደግሞ በትንሽ ነገር ተከሶ ግሪን ካርዱን ያጣ ሰው ወሬ ሁሌም አለ። አንድ የሌብነት ክስ ከተጻፈበት ሊና እንደማትመጣ፣ እሱም ወደሷ እንደሚሸኝ ሸምሱ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ፖሊሶች በሩን አንኳኩ። እኔም ድምፅ ሰምቼ ብቅ አልኩ፤ ጎረቤት ማለት ይኸው ነው። ኢዛና «እትዬ፣ ፕሊስ፣ አንተ ቤትህ ግባ» ብሎ በትሕትና አስወጣኝ። ግድግዳችን ሳል ያሳልፋል፣ ቃል አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን የሰማሁት ዘግይቶ ነው።

«ካሜራው ላይ አንተ ነህ» አለው ኢዛና። «ነጭ ዕቃ መኪና ውስጥ አስገባህ። ምንድነው?»

«አንሶላ ነው፣ ጌታዬ።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ሶ፣ የሆቴል አንሶላ ሰረቅህ?»

ሸምሱ ከዋንጫ ሌባ የአንሶላ ሌባ መሆን ይሻላል ብሎ ይሁን ወይ ምላሱ ታስሮ፣ አልካደም።

«አብሮህ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ሙሉወርቅስ? ያንን ፎቅ የምታጸዳው። ዓርብ ፈቃድ ወጣች፣ ስልኳ ዝግ ነው፣ ቤቷ የለችም። የት ናት?»

«አላውቃትም።»

ኢዛና ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ሸምሱ ሙሉወርቅን በየቀኑ ሥራ አምጥቶ እንደሚመልሳት ነግሮታል።

«ኦኬ» አለው። «በየቀኑ የምታመጣትን ሴት አታውቃትም። ስማ፣ ያ ሽማግሌ አልነቃም። ከሞተ፣ ማለቴ፣ ይሄ ስርቆት አይደለም። ገባህ?»

ኮሮላውን ጭነው ወሰዱ። ሸምሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ መኪናው የነበረበትን ባዶ ቦታ ሲያይ ቆየ። ጠርቼው አልሰማኝም።

*

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከቤታችን ፊት ለፊት ግራጫ መኪና ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም፤ መስኮቱ ጥቁር ነው። ፖሊስ ነው ብዬ ችላ አልኩ። ምሳ ሰዓት አልፎ አሁንም አለ። እጄን ባውለበልብለት ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ያኔ ፈራሁ፤ ፖሊስ ለእኔ ብሎ ቦታ አይለቅም።

ሸምሱን ወደ ኩሽናዬ አስገባሁት። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። ያቀረብኩለትን አልነካም፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ማንኪያው ከእጁ ይወድቃል። ገና ማንኪያውን ሲያነሳ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ኢሚግሬሽን ይሆናል ብሎ አነሣው፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው።

የወንድ ድምፅ ነው፣ ዝቅ ያለ፤ አፉ ላይ ጨርቅ ነገር ያደረገ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ቀስ እያለ ተናገረ። ከጽዳት ጋሪው፣ ከቆሸሹት አንሶላዎች ሥር ያወጣኸው ነገር የኔ ነው አለው። ነገ እደውላለሁ፣ የምልህ ቦታ ታመጣዋለህ አለው። ለፖሊስ ከተናገርክ ያቺ ፎቶዋን የሰቀልካት ሚስትህ እዚህ አገር አትገባም፤ ከገባችም አታገኝህም። ዘጋው።

ሄጄ በሩን ቆለፍኩ። ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እትዬ» አለ ሸምሱ፤ «እኔ አልወሰድኩም። የወሰደችውን ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ዓርብ ሥራ ሲጨርሱ ሙሉወርቅ ያንን ጥቅል በአንሶላ ሸፍና እስከ ኋላ በሩ አመጣችና ከበሩ ውስጥ ሆና አቀበለችው። ይህን በጥንቃቄ አስገባልኝ፣ እንዳትገልጠው ብላው ቦርሳዋን ልታመጣ ተመለሰች። ካሜራው ያየው ያኔ ነው። እንደወትሮው ጋርላንድ ቤቷ አደረሳት። መንገድ ላይ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ከርኩስ ቦታ ነው ያወጣሁት፣ አንተ አትጠይቅ አለችው። ማታ ዜናው ሲወራ ሁሉም ነገር ተገጣጠመለት። ስልኳን ሞከረ፤ ዝግ ነው። ሸሽታለች አለ በሆዱ።

«ለምን ለፖሊሱ አልነገርክም?»

«ሁለት ልጅ ብቻዋን ታሳድጋለች። ሰው ሲቸግረው ያደርጋል አልኩ። እኔ ብናገር ልጆቿ የት ይወድቃሉ?»

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል ሳቄ መጣ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሙሉወርቅን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ መንገድ ላይ ሳንቲም ብታገኝ ባለቤቱን ፍለጋ ሦስት ሰፈር የምታካልል ሴት ናት። ደግሞም አልሸሸችም።

«ሱባኤ ገብታ እኮ ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ሱባኤ። ስልክ ዘግቶ፣ ከሰው ተለይቶ መጸለይ። እንደናንተ ኢዕቲካፍ በለው። ልጆቿን እናቷ ጋ አድርጋ ጋርላንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለችው። ፈቃዱን የጠየቀችው ከወራት በፊት፣ ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው።»

ሸምሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔን ሊጠይቀኝ ይችል ነበር፤ እኔም ልነግረው። እሱ እሷን ላለማጋለጥ ስሟን አላነሣ፣ እኔ ካልተጠየቅኩ አላወራ፤ እኔ ሳልጠየቅ ያላወራሁት ደግሞ በዕድሜዬ ያ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ለኢዛና ደወልኩ።

*

ኢዛና መጥቶ ሰማን። የደዋዩን ንግግር ቃል በቃል አስደገመን። ሸምሱ ጋሪ የሚለው ላይ ሲደርስ ኢዛና እጁን አነሣ።

«ቆይ። ጋሪ አለ? እትዬ፣ አንተም ሰምተሃል?»

ወንድ ማድረጉን ትቼለት ሰምቻለሁ አልኩ።

ሆቴሉ በሙሉ የሚያወራው ሌባው በደረጃው ወጣ ነው። ስለ ጋሪ የተናገረ የለም፤ ፖሊስም አያውቅም፤ ሸምሱም አያውቅም። ዋንጫው አንሶላ ጋሪ ውስጥ እንደነበር ከሙሉወርቅ ሌላ የሚያውቀው እዚያ የደበቀው ሰው ብቻ ነው። ኢዛና ይህን ለራሱ በእንግሊዝኛ አጉተመተመ። ከዚያ ሸምሱን፣ ተነሥ፣ አልታሰርክም፣ አብረኸኝ ና አለው። ሸምሱ አልታሰርክም የምትለውን ሳይሰማ ተነሥ የምትለውን ብቻ ሰምቶ እጁን ለካቴና ዘረጋ።

መንገዱን ላሳይ ብዬ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ጋርላንድ ውስጥ ድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ አዳራሽ ነው። ኢዛና ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ሙሉወርቅ ከጓዳው በነጠላ ተሸፋፍና ወጣች። ፊቷ በጾም ተመጥምጧል። ሸምሱን ከፖሊስ ጋር ስታይ ሰው የሞተ መስሏት ደረቷን ያዘች።

ኢዛና ዋንጫው የታለ አላት።

«የምን ዋንጫ?»

«ዓርብ የወሰድሽው።»

«እኔ ዋንጫ አይቼ አላውቅም፤ በመድኃኔ ዓለም።»

ሸምሱ፣ ሙልዬ ንገሪው፣ አለ። እሷ ግራ ተጋብታ አየችው። ኢዛና ከኪሱ ፎቶ አውጥቶ ሰጣት። አየችውና መቀመጫ ፈለገች።

ለሙሉወርቅ ዋንጫ ማለት ወርቅማ ሆኖ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ኳስ ተጫዋች የሚስመው ነገር ነው። ይህንን ግን ዓርብ ጠዋት ያየችው ፓስተር ሕፃን ሲያጠምቅበት ነው። በነጭ ጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይያዝም። እግሩ ዙሪያውን የሰው ስም ተቀርጾበታል፤ በእኛም አገር ንዋየ ቅድሳት የሰጠ ሰው ስሙን ያስጽፍበታል። የሰጪዎቹ ስም ነው አለች። ኋላ ጋሪዋን ላውንደሪ ወስዳ ስትገለብጥ ከቆሸሸ አንሶላ ሥር አገኘችው። የመጠመቂያ ዕቃ እዚያ የጣለ ከሰይጣን የሚያንስ አልመሰላትም። በእጇ ሳትነካው በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላ፣ ፓስተሩ ከቱልሳ እስኪመለስ ብላ ለቄስ ገብረ ሥላሴ አደራ ሰጠች። ለሆቴሉ ያልተናገረችው፣ ከሆቴሉ አንዱ ነው የጣለው ብላ ስላሰበች ነው።

ቄስ ገብረ ሥላሴ ከዕቃ ቤት አቅፈው አመጡት። አንሶላው ላይ የራሳቸውን ሐር ጨርቅ ደርበውበታል። «የሌላ እምነት ቢሆንም አደራ ነው ብዬ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት» አሉ። «ስለ ሽንኩርቱ አልነገራችሁኝም» ያሉት ታሪኩን ከሰሙ በኋላ ነው።

ኢዛና ዙሪያውን አየው። በሳህኑ ጎን ላይ የአውቶቡሱ ስርጉድ አለ። ጓንት አጥልቆ እጁን ወደ ውስጥ አስገባ። ዳሰሰ፤ እንደገና ዳሰሰ። ከውጭ የተሰረጎደ ብር ከውስጥ ማበጥ አለበት። ከውስጥ ግን ልሙጥ ነው።

«ይሄ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ይሄ ዋንጫው አይደለም።»

እዚያው ቆሞ ልጁን ያስጠመቀው የቱልሳ ተጫዋች ጋ ደወለ። ሰውየው አልሸሸገም። ልጁን ካስጠመቀ በኋላ እንደ ልማዱ እብጠቱን ሊዳስስ እጁን ቢያስገባ አጣው፤ ለሚስተር ፒርስ ነገረው። ሽማግሌው ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ አንድም ቃል ሳይመልስ ዋንጫውን ይዞ ወደ ክፍሉ ወጣ።

ማነው የለወጠው ብዬ ጠየቅኩት። ኢዛና ገምቻለሁ፣ ግን ገምቻለሁ ብዬ ሰው አላስርም አለኝ። ከዚያ ዞሮ ሸምሱን አየው። አስተያየቱ ሸምሱን እንዳላማረው ፊቱ ላይ ይነበባል።

*

ሰኞ ረፋዱ ላይ ደዋዩ ደወለ። ሸምሱ እንደተነገረው፣ ዕቃው እጄ ነው፣ ውሰደውና ተወኝ አለ። ሰውየው ጋርላንድ ውስጥ አንድ የተዘጋ ግሮሰሪ ፊት ለፊት ቀጠረው።

ኮሮላውን መለሱለት። ጥቅሉን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ፖሊሶቹ አጥር ጀርባና የዕቃ ማራገፊያ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ሸምሱ ግን አንዳቸውንም ማየት አልቻለም። እዚያ ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ መካከል፣ በፀሐይ፣ ብቻውን ተቀመጠ። የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ሰውየው ሽጉጥ ቢኖረውስ? ፖሊሶቹ ቢዘገዩስ? ሊና ማን ይነግራታል? ከውስጥ ሸሚዙ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። ሁለት ጊዜ ሞተር ሊያስነሣ ቁልፉን ነካ፤ ሁለት ጊዜ ተወው። ሸምሱ ይህን ሲያወራ አልፈራሁም ይላል። የቀነስኩት ይህን ነው።

ግራጫው መኪና መጣና መውጫውን ዘግቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ የወረደው ክሌይ ዶርሴት ነበር።

ፈገግ እያለ ቀረበ። መስኮቱን አንኳኳና ሸምሱ ሲከፍትለት ክንዱን ያዘው። ጎበዝ፣ አሁን ውረድና ዞረህ ቁም አለው፤ ሌላኛው እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው። ሸምሱ ወርዶ ዞረ። ፊቱን ለተዘጋው ሱቅ መስታወት ሰጥቶ ቆመ፤ መስታወቱ ውስጥ የሰውየውን እጅ ብቻ ያያል። እጁ ከጃኬቱ የመኪና ጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ወጣ። ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ የኢዛና ድምፅ ከአጥሩ ጀርባ መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ብረቱ አስፋልት ላይ ሲወድቅ ሸምሱም አብሮ ተቀመጠ።

*

ክሌይ ከገና በኋላ ዋንጫውን ላስወልውለው ብሎ ወስዶ፣ አምሳያውን አሠርቶ፣ እውነተኛውን ፕሌኖ ለሚኖር የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ሸጦታል። የሠራው ሰው ስርጉዱን ከውጭ ቀረጸ እንጂ ከውስጥ ማበጥ እንዳለበት አላሰበም። ሚስተር ፒርስ ሁልጊዜ በጓንት ስለሚይዘው፣ እጁንም ወደ ውስጥ የሚያስገባው አሸናፊ ብቻ ስለሆነ፣ ያ የቱልሳ ሰው ተራው እስኪደርስ ማንም አላወቀም። ያን ዕለት ሽማግሌው ክሌይን ክፍሉ ጠርቶ፣ የግራ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ዳሰሰና ቀና ብሎ አየው። ክሌይ የመታው ያኔ ነው።

የሙሉወርቅ ጋሪ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳሙና ልታመጣ ሄዳለች። አምሳያው ከተመረመረ እሱ ማለቁ ነው፤ ስለዚህ አንሶላው ሥር ከተተው። ጋሪውን ገፍቶ ሊወርድ ሲል ሊፍቱ ተከፈተ። ወደ ኋላ ደረጃ ገባ፤ በሩ እንዳይቆለፍበት ጋዜጣ አስገባበት። ሲመለስ ሙሉወርቅ ጋሪዋን ይዛ ሄዳለች። ሎቢ ወርዶ ስልክ ጆሮው ላይ አደረገ። ኢዛና የስልክ ድርጅቱን ጠይቆ፣ በዚያ ሰዓት ክሌይ ለማንም እንዳልደወለ፣ ማንም እንዳልደወለለት አረጋገጠ። ሸምሱን ያገኘው ደግሞ ነጩን ጥቅል ሲጭን ከላይ በመስኮት ስላየው ነው፤ ስልኩንና ቤቱን ከሆቴሉ ሠራተኞች ጠይቆ አወቀ።

ሚስተር ፒርስ ነቃ። ኢዛና እውነተኛውን ዋንጫ ከፕሌኖ አምጥቶ ሆስፒታል አልጋው ጠርዝ ላይ አቆመለት። ሽማግሌው ጓንት አልጠየቀም፤ እጁን አስገብቶ ብዙ ቆየ።

ሙሉወርቅ ከፋሲካ በኋላ ሥራ ተመለሰች። ሸምሱ ጠዋት ሊወስዳት ደጇ ሲደርስ መኪናው ውስጥ አልገባችም። መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ሌባ መስዬህ ነበር?»

«ለአንቺ ብዬ ዝም አልኩ፤ ልታሰር ነበር እኮ።»

«የጠየቅኩህ እሱን አይደለም።»

ሸምሱ እጁን ዘርግቶ በሩን ከፈተላት። እሷ ግን በአውቶቡስ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ኧርቪንግ ትመላለስ ጀመር፤ እሱ ግማሹን መንገድ ባዶ ኮሮላ ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። ቄስ ገብረ ሥላሴ ሊያስታርቁ ሞከሩ፣ እኔም ሞከርኩ። ሌባ ነች ብሎ ካመነ ማጋለጥ ነበረበት፣ ካላመነ መጠየቅ ነበረበት ትላለች። ምን ይመለስላታል? ሸምሱ ከክሌይ ብረት ይልቅ የሷን ዝምታ ፈራ።

ሊና ቪዛዋን አገኘች። የምትደርስበት ዕለት ሸምሱ ኤርፖርቱ መውጫ በር ላይ አበባ አንቆ ይዞ ቆመ። በየደቂቃው ከዚያ በር የማያውቀው ሰው እየወጣ፣ ከውስጥ መልሰዋት ይሆናል እያለ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ አጠገቡ ነኝ። ሙሉወርቅ ሳትጠራ መጥታ ከእኛ ራቅ ብላ ቆማለች።

በሩ ተከፈተ፤ ሊና ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ከፎቶዋ ትንሽ ከስታለች። ሸምሱ እግሩ አልንቀሳቀስ አለው። ቀድማ የደረሰችው ሙሉወርቅ ናት። ሦስት ጊዜ ሳመቻትና ትከሻዋን ያዘች።

«ባልሽ ሌባ ናት ብሎ አምኖብኝ ነበር» አለቻት። «ለዚችው ለሌባዋ ብሎ ደግሞ እስር ቤት ሊገባ ነበር። ሁለቱንም እወቂለት።»

ሊና ሸምሱን አየችው። ሸምሱ መሬት መሬት ያያል።

«ምን ትገተራለህ» አለችው ሙሉወርቅ፤ «ሻንጣዋን ተቀበላት እንጂ።»

መስኮቱ ጋ ከቆመችበት ጠዋት ወዲህ ለሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነበር።